አባቴን ሳስታምም ጸሎቴ ጠፋብኝ

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ፤ እንደምን ሰነበቱ? የ41 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ሥራም እሠራለሁ። አባቴ የመርሳት በሽታ ከያዘው አራት ዓመት ሆነው። ያለፉትን ሁለት ዓመታት የኖረው እኔ ጋ ነው። ሁለት ወንድሞች አሉኝ። ገንዘብ ይልካሉ፣ ይደውላሉ፣ ‹አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ዋጋሽን ይከፍልሻል› ይሉኛል። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው። ግን አምሽቶ ነው የሚገባው፤ እሱም ደክሞት።

ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በጸሎቴ ነው። የጨነቀው ሰው ‹እባክሽ ጸልዪልኝ› ብሎ የሚደውለው ለእኔ ነበር። አሁን ግን ከልቤ የጸለይኩበትን ቀን አላስታውስም። እንበረከካለሁ፤ እንቅልፍ ይወስደኛል። ባይወስደኝም ቃሉ አፌ ላይ ነው ያለው፤ ልቤ ውስጥ ምንም የለም። ጸልዪልኝ ላሉኝ ሰዎች ‹እሺ› እላለሁ፤ አልጸልይም። ውሸታም ሆንኩ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የባሰ ነገር አደረግሁ። አባቴ በየማታው ‹ወደ ቤት ውሰጂኝ› ይለኛል። ቤቱ እኮ እዚሁ ነው። የዚያን ቀን ስንት ጊዜ እንደጠየቀኝ አላውቅም። ‹ቤትህ ይሄ ነው! ስንት ጊዜ ልንገርህ!› ብዬ ጮህኩበት። እንደ ሕፃን አለቀሰ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ በር ላይ ቆማ ታየን ነበር። ልትተኛ ስትል ‹እማዬ፣ ለአባባ በየቀኑ እንጸልያለን፤ ታዲያ ለምን አይሻለውም?› አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እምነቴ ሞቷል ማለት ነው? ከሞተስ እንዴት ልመልሰው? አንድ ነገር ልጨምር። አባቴ አምልኮ መሀል ጮክ ብሎ ያወራል። ሰው እንዳይታዘበን ብዬ ቤተ ክርስቲያን መውሰዱን ትቻለሁ። ጥፋት ነው?»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ የያዘኝ አንድ ቦታ ነው። «እንበረከካለሁ፤ እንቅልፍ ይወስደኛል» ያልሽው ላይ።

ስለ እምነትሽ ጠይቀሽኛል፤ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ እንቅልፍሽ እንነጋገር። ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሺያለሽ? አልጻፍሽልኝም። ግን የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው የሚኖርበትን ቤት አውቀዋለሁ። በሌሊት ኮቴ ትሰሚያለሽ። የበር እጀታ ሲነካ ትነቂያለሽ። ትነሺና ወደ አልጋው ትመልሺዋለሽ፣ ታለብሺዋለሽ፣ ትተኛለሽ። ዓይንሽ ከደን ሲል ኮቴው እንደገና ይመጣል። ጠዋት ልጆች አሉ፤ ከዚያ ሥራ አለ። ሁለት ዓመት እንዲህ የኖረ ሰው ሲንበረከክ እንቅልፍ ቢወስደው ምን ያስደንቃል? ሰውነትሽ ቀኑን ሙሉ እረፍት ያገኘው ያኔ ብቻ ነው።

ነቢዩ ኤልያስን አስቢው። ከዚያ ሁሉ ተአምር በኋላ ሸሽቶ ምድረ በዳ ገባ። አንድ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ በቃኝ፣ መሞት ይሻለኛል አለ። ከዚያም ተኛ። መልአክ መጥቶ ቀሰቀሰው። እምነትህ የት ገባ ብሎ አልወቀሰውም። ተነሥተህ ጸልይም አላለውም። ምግብና ውሃ ነው ያቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ዳግመኛ መጥቶ እንደገና አበላው፤ መንገዱ ገና ሩቅ ስለሆነ። የእግዚአብሔርን ድምፅ በተራራው ላይ የሰማው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ይህን ታሪክ ስንት ዓመት ሳነበው ስለ እንቅልፉ አስቤ አላውቅም ነበር። ያስተዋልኩት እኔም እንዳንቺ እናቴን ሳስታምም ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ መንፈሳዊ አይመስልሽ ይሆናል። በሳምንት ሁለት ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ የምትተኚበት መንገድ መገኘት አለበት። ይህ ሳይሆን ሌላ የምልሽ ነገር ሁሉ የትም አይደርስም።

ወደ ወንድሞችሽ ልሂድ። ገንዘብ መላካቸው ትልቅ ነገር ነው፤ አላቃልለውም። ግን «እግዚአብሔር ዋጋሽን ይከፍልሻል» የሚለው ቃል ሸክሙን አንቺ ላይ ጥሎ የሚሄድ ሰው ሲናገረው ደስ አይለኝም። አባት የሦስታችሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የመርሳት በሽታ ላለባቸው ሰዎች ከሚሰጠው የእንክብካቤ ሰዓት 70 በመቶ ያህሉ በሴቶች ትከሻ ላይ ነው። ይህ ማንም ቁጭ ብሎ የወሰነው አይደለም። ሴት ልጅ ትሠራዋለች ተብሎ ዝም ስለሚባል ነው እንዲህ የሚሆነው። አንቺም ዝም ብለሻል። ደብዳቤሽ ውስጥ አንድም ቦታ «ጠይቄያቸው እምቢ አሉኝ» አላልሽም።

«እባካችሁ አግዙኝ» አትበያቸው። እንዲህ ሲባል ሁሉም «እሺ» ይላል፤ ማንም አይመጣም። ቀንና ሰዓት ቆርጠሽ ንገሪያቸው። እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጽፍላቸዋለሁ፦ «ወንድሞቼ፣ የምትልኩት ገንዘብ በጣም ረድቶኛል፣ አመሰግናለሁ። አሁን ግን ያነሰኝ እንቅልፍ ነው። አባዬ ሌሊት ብቻውን መሆን አይችልም። ማክሰኞና አርብ ማታ ከእናንተ አንዳችሁ እኔ ቤት መጥታችሁ እሱ ክፍል ታድራላችሁ። ማን የትኛውን ቀን እንደሚይዝ እስከ እሑድ ንገሩኝ።» የሚኖሩት ሩቅ ከሆነ ደግሞ ሌሊቱን የሚሸፍን ሰው ይቅጠሩ፤ ገንዘቡ ለዚህ ይሁን። አባትሽ ወደ እነሱ ቤት ከሚሄድ እነሱ ቢመጡ ይሻላል። እንዲህ ያለ ሰው ቦታ ሲቀየርበት ግራ መጋባቱ ይብስበታል።

ባለቤትሽም ደክሞት እንደሚገባ ጽፈሻል። አንቺስ? እሱ የሚደክመው ከሥራ ሲመለስ ነው። የአንቺ ሁለተኛ ሥራ የሚጀምረው ስትመለሺ ነው። ደግ ሰው ነው ስላልሽ አምንሻለሁ። ደግ ሰው ሲነገረው ይሰማል። ከእራት በኋላ ያለችውን ሰዓት ለእሱ ስጪው። አባትሽን ልብስ ቀይሮ የሚያስተኛው እሱ ይሁን። መጀመሪያ ላይ አያውቅበትም። አንቺም ስትጀምሪ አታውቂበትም ነበር።

አሁን ወደዚያች ማታ እንምጣ።

አባትሽን የያዘው የመርሳት በሽታ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አልነገርሽኝም። በብዛት የሚታየው አልዛይመር የሚባለው ነው። በዚህ በሽታ ቀድመው ከሚጎዱት የአንጎል ክፍሎች አንዱ ሂፖካምፐስ የሚባለው ነው። አዲስ ነገር የሚመዘገበው በእሱ በኩል ነው። ለዚህ ነው አሁን የመለስሽለት መልስ የትም ሳያርፍ የሚጠፋው። አሥረኛው ጥያቄ ለአንቺ አሥረኛ ነው። ለእሱ ግን የመጀመሪያው ነው። ሊያናድድሽ አይደለም፤ ሰምቶ ችላ ያለሽም አይደለም። «ስንት ጊዜ ልንገርህ» ስትይው እሱ አንድም ጊዜ አልሰማም።

ማታ ማታ የሚብስበትም ምክንያት አለው። ብዙ የመርሳት ሕመምተኞች ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይረበሻሉ። ድካም አለ፣ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ጥላው ይበዛል፣ ቤቱ በሰው ይሞላል። መሸት ሳይል መብራት አብሪ። በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ይራመድ፤ ቀን ረጅም እንቅልፍ አይተኛ። ደግሞ ይህን ልብ በይ። ለወራት ደህና የነበረ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ በድንገት ከባሰበት «በሽታው ነው» ብለሽ አትተዪው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ውሃ ማነስ፣ የሆድ ድርቀት፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ወይም መናገር ያቃተው ሕመም ሊሆን ይችላል። ሐኪም ያየው። ብዙዎቹ ይታከማሉ።

«ወደ ቤት ውሰጂኝ» የሚለውን ግን ከራሴ ሕይወት ብነግርሽ ይሻላል።

እናቴን ያስታመምኩት ሦስት ዓመት ተኩል ነው። መጨረሻ አካባቢ «እማዬ የት ሄደች?» ትለኝ ጀመር። የምትጠይቀው ስለ አያቴ ነው። አያቴ ከሞተች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗት ነበር። እኔ ደግሞ ውሸት አልናገርም ብዬ «አያቴ እኮ ሞታለች፣ እማዬ» እላታለሁ። ፊቷ ይገረጣል። «መቼ? ለምን አልነገራችሁኝም?» ብላ ታለቅሳለች። ለቅሶዋ የእውነት ለቅሶ ነው፤ ዛሬ እናቱ የሞተችበት ሰው ለቅሶ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ትረሳዋለች። ከዚያ እንደገና «እማዬ የት ሄደች?» ትለኛለች። እኔም እንደገና እነግራታለሁ። እናቴን በአንድ ቀን ውስጥ አራት ጊዜ መርዶ ያረዳኋት ቀን አለ። እውነት ተናገርኩ ብዬ ነው። ዛሬ ድረስ ያንን ቀን ሳስብ ሆዴ ይላወሳል።

አንድ ቀን ልታያት የመጣች ነርስ ይህን ሰማች። ወደ ጎን ወስዳ «እሷ የጠየቀችሽ የት እንዳለች ነው? ወይስ ናፈቀችኝ እያለችሽ ነው?» አለችኝ። ለካ እስከዚያ ቀን ጥያቄውን ሰምቼው አላውቅም።

በማግስቱ «እማዬ የት ሄደች?» ስትለኝ አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። «ናፈቀችሽ?» አልኳት። «አዎ» አለች። «ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ እጇን ዘረጋችና ጸጉሬን ያዘች። «እንዲህ አድርጋ ነበር የምትሠራኝ» ብላ መጎንጎን ጀመረች። ስሜን ከረሳች ወራት አልፈዋል። ጣቶቿ ግን አልረሱም። ከጆሮዬ በላይ ያለውን ጸጉር ለሦስት ከፍላ፣ ሳብ እያደረገች፣ አንዱን በአንዱ ላይ እያሳለፈች እስከ ጫፉ ወረደች። ስትጨርስ ጭንቅላቴን መታ መታ አድርጋ «ሂጂ ተጫወቺ» አለችኝ። የ52 ዓመት ሴት ነበርኩ። ያን ጉንጉን አራት ቀን አልፈታሁትም።

አባትሽም «ቤት» ሲል ምናልባት ልጅ ሆኖ ያደገበትን ቤት ይሆናል የሚለው። ምናልባትም ቤት አይደለም፤ «ፈራሁ፣ ማን መሆኔ ጠፋኝ፣ የማውቀው ቦታ ውሰጂኝ» ማለቱ ነው። «ቤትህ ይሄ ነው» ብለሽ አትከራከሪው። ክርክሩን አታሸንፊም። ብታሸንፊም ፍርሃቱ እዚያው ነው። «ቤትህ ናፈቀህ? ማን ማን ነበር እዚያ?» በይው። እጁን ያዢው። ኮቱን መልበስ ከፈለገ ይልበስ። ደጅ ወጥታችሁ ትንሽ ተራምዳችሁ ተመለሱ። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ያ ብቻ ነው።

ስለ ጩኸቱ። አዎ፣ ጥፋት ነው። እንዲህ የምልሽ ስለምታውቂው ነው። ምንም አይደለም ብልሽም አታምኚኝም። ግን የሚጠገን ጥፋት ነው። አባትሽ ቃሉን ረስቶታል። ስሜቱ ግን ከቃሉ በላይ ሊቆይ ይችላል። ለምን እንደከፋው ሳያውቅ ከፍቶት ይውላል። ስለዚህ ባያስታውስም ይቅርታ ጠይቂው። «አባዬ፣ ጮህኩብህ፣ ይቅር በለኝ» በይው። ምንም ላይመልስልሽ ይችላል። ሲመሽ ድምፅሽ ከፍ ሊል እንደሆነ ሲሰማሽ ደግሞ እሱ አደጋ የማያገኘው ቦታ መቀመጡን አይተሽ ከክፍሉ ውጪ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። በሩን ዘግተሽ ፊትሽን ታጠቢ። እጅሽ ሊነሣ የደረሰበት ቀን ከመጣ ግን ያኔውኑ ሰው ጥሪ፤ ባለቤትሽን፣ ጎረቤት፣ ማንንም። አትፈሪ። ብዙ አስታማሚዎች እዚያ ጫፍ ደርሰው ተመልሰዋል።

ልጅሽንም ይቅርታ ጠይቂያት። «የዚያን ቀን አባባ ላይ የጮህኩት ልክ አልነበረም። ደክሞኝ ነበር። ጥፋቱ የእሱ አይደለም» በያት። እናት ሳትሳሳት ኖራ አታሳድግም። ተሳስታ ስትመለስ ማየት ለልጅ ትልቅ ትምህርት ነው።

የጠየቀችሽን ጥያቄ ግን እኔም አልመልሰውም። «ለምን አይሻለውም?» አላውቅም፣ እህቴ። በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖራሉ። ከእነዚህ መካከል ስንቱ ሌት ተቀን የሚጸለይለት ነው? እስካሁን ፈውስ አልተገኘም። ልጅሽን «በደንብ ስላልጸለይን ነው» አትበያት፤ በጭራሽ። የአያቷን ሕመም በዘጠኝ ዓመት ትከሻዋ ላይ ትጭነዋለች። «እግዚአብሔር ለበጎ ነው ያደረገው» ለማለትም አትቸኩዪ። እሷ የምታየው የሚያለቅስ ሽማግሌ ነው። «እኔም አላውቅም፤ እኔም እግዚአብሔርን እየጠየቅሁት ነው። አንቺም ጠይቂው፤ አይቆጣም» በያት። ከመዝሙረ ዳዊት አንዱ፣ በአንዳንዱ መጽሐፍ 88ኛው በሌላው 87ኛው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሮሮ ነው። ምስጋና ሳይመጣ ጨለማው ላይ ያልቃል። ያም ጸሎት ተብሎ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ገብቷል።

እንግዲህ እምነትሽ ሞቷል ወይ ላልሽው።

ሰዎች «ሥራሽ ራሱ ጸሎት ነው» ብለው ሊያጽናኑሽ ይችላሉ። ሐሰት አይደለም። ግን ቶሎ ሲባል አይመቸኝም። አንቺ የጎደለሽ ነገር አለ፤ ናፍቀሽዋል። የሚናፍቅሽን ነገር «ይሄው በእጅሽ ነው» ብሎ መዝጋት ናፍቆትሽን አለመስማት ነው። የሞተ እምነት ደግሞ አይናፍቅም። እምነቱ የሞተበት ሰው ጸሎቴ የት ገባ ብሎ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አይጽፍም።

እማሆይ ቴሬዛን ሁሉም ያውቃታል። በ1910 ተወልዳ በ1997 ያረፈች፣ በካልካታ ጎዳና የወደቁትን ሰዎች አንሥታ ያጠበች ሴት ናት። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ካረፈች ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2007፣ ለነፍስ አባቶቿ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ታትመው ወጡ። ብዙ ሰው ደነገጠ። ሥራዋን ከጀመረችበት ጊዜ አንሥቶ ለአሥርት ዓመታት ስትጸልይ ምንም አይሰማትም ነበር። ውስጧ ጨለማና ባዶ እንደሆነ ነው የጻፈችው። ያን ሁሉ ዓመት ጠዋት እየተነሣች ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ትጸልያለች። እኔ ይህን ሳነብ ተጽናናሁ። ከእሷ ጋር ራሴን አላወዳድርም። ግን የማይሰማኝ ነገር ሁሉ የለም ማለት እንዳልሆነ ከእሷ ተማርኩ።

አንድ ነገር ልለይልሽ። የጸሎት መድረቅ አንድ ነገር ነው፤ የድብርት ሕመም ሌላ ነው። አባትሽ ተኝቶም አንቺ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ የልጆችሽ ሳቅ እንኳ ካላስደሰተሽ፣ «እኔ ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ብቅ ካለ፣ ይህም ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የመጨረሻው ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ለምታምኚው ሰው ንገሪ። ይህ ሕመም ነው። እምነት ያላቸውንም ይይዛል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ደብዳቤሽን ከጨረስኩ ጀምሮ ይህን ልጽፍልሽ ቸኩያለሁ።

ለአባትሽ መጸለዩን ለጊዜው ተዪው። ከአባትሽ ጋር ጸልዪ።

በልጅነቱ በቃሉ የተማረው ጸሎት አለ። አቡነ ዘበሰማያት ሊሆን ይችላል፣ የዳዊት መዝሙር ሊሆን ይችላል፣ የልጅነት መዝሙር ሊሆን ይችላል። በልጅነት የተማርነው፣ ሺህ ጊዜ የደጋገምነው ነገር በዚህ በሽታ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚጠፋው። የልጆቹን ስም የረሳ ሰው መዝሙር ሲጀመርለት ከነዜማው ሲጨርሰው አይቻለሁ። ማታ፣ ያ «ወደ ቤት ውሰጂኝ» የሚልበት ሰዓት ከመድረሱ በፊት አጠገቡ ተቀመጪ። ልጅሽም ከፈለገች ትምጣ። እጁን ያዢና ቀስ ብለሽ ጀምሪለት። ሁለት ሦስት ቃል ብለሽ ቁሚ። ጠብቂው። ዝም ቢል ቀጥዪ፤ ሁለት ቃል ብለሽ እንደገና ቁሚ። አንድ ቀን ይቀጥልልሻል።

ከልብሽ መሆኑን አትመርምሪ። ልብሽ ባዶ ነው ብለሻል፤ ይሁን። ድምፅሽን ብቻ አውሺው። ምናልባት የምትጀምሪው አንቺ ነሽ፣ የሚጸልየው እሱ ነው። ስንት ዓመት እሱ ጸልዮልሻል? አሁን ደግሞ አንቺ ቃሉን እያቀበልሽው ይጸልይልሽ። ሲደክምሽ እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ቢወስድሽም ይውሰድሽ።

እናቴ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ቃል አልቀራትም ነበር። የቀረቻት አንዲት «አሜን» ናት። እኔ ጸሎቱን እላለሁ፣ እሷ ትሰማለች፣ መጨረሻ ላይ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንዳንድ ቀን እኔ ደክሞኝ መሀል ላይ አቋርጣለሁ። እሷ ግን ትጠብቃለች። ያልጨረስኩትን ጸሎት አሜን አትልም። ቀና ብላ ታየኛለች። ልጅ ሆኜ ጸሎት ስዘል የምታየኝ ዓይን ነው። ተመልሼ እጨርሰዋለሁ። በሕይወቴ ከጸለይኳቸው ጸሎቶች ሁሉ የማስታውሰው እነዚያን ነው። ምንም ስሜት አልነበረኝም፤ እንቅልፌ ነበር የመጣው።

«ጸልዪልኝ» ብለው ለሚደውሉልሽም እውነቱን ንገሪያቸው። «አሁን አቅም የለኝም። እናንተ ለእኔ ጸልዩልኝ» በያቸው። መጀመሪያ ይገረማሉ። ከመካከላቸው አንዷ ግን ትመጣለች። ስትመጣ ደግሞ «ምንም አያስፈልገኝም» ብለሽ እንዳትመልሻት። አባትሽ አጠገብ አንድ ሰዓት አስቀምጫትና ግቢ ተኚ።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ቀላሉ ነው። ጥፋት አይደለም፤ ጨንቆሽ ነው ያስቀረሽው። ግን መልሰሽ ውሰጂው። ከመሄድሽ በፊት አገልጋዮቹን አናግሪ። «አባቴ የመርሳት በሽታ አለበት፤ አንዳንዴ ጮክ ብሎ ይናገራል» በያቸው። ቀድሞ ያወቀ ሰው አይታዘብም። የሚታዘብም ካለ አንድ ሁለት ሳምንት ታዝቦ ይለምዳል። ኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሙሉውን ካልቆየን አትበዪ፤ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ሲረበሽ ይዘሽው ትወጫለሽ፣ ነፋስ ይነፍስበታል፣ ከፈለገ ትመለሳላችሁ። ከወንድሞችሽ አንዱ በሌላ ጎኑ ይቀመጥ። ሌላው ሰው ሁሉ ዝም ባለበት ሰዓት አባትሽ ብቻውን «አሜን» ቢል አንቺም አብረሽው በይ።